ስለ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ስለ አቶ ኃይሉ መርጊያ

(በክረምቱ ዕረፍት በባኮ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ ይሰማ የነበረው ዜማ ምን እንደ ሆነ ጥቂቶቻችሁ ጠይቃችሁናል። አንዱ ወንድማችን «አርሞኒካ ነው» አለ፤ ሌላው «የለም፣ ኦርጋን ነው» ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ከእውነቱ ብዙ አልራቁም። የተሰማው አኮርዲዮን ነው። የሚጫወቱት አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ዜማው «ሸሞንሟናዬ» ይባላል፤ የታተመውም በ1985 ነው። ዛሬ የምንጠራቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅልን።

«ስለ አንድ ሙዚቀኛ ለመናገር ባኮ ላይ መሰብሰብ ለምን አስፈለገ?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ከማሳ እንጀምራለን። ባለፈው ኅዳር ከመካከላችን ሦስታችን ከከተማው ወጣ ብለን በእግር ስንሄድ ማሽላው አፍርቶ ወፍ የሚጠበቅበት ወቅት ነበረ። በአንዱ ማሳ ዙሪያ ከችካል ወደ ችካል የተወጠረ ቀጭን፣ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አየን። ነፋስ በነካው ቍጥር እንደ ንብ ያጉረመርማል፤ ወፎቹም ከድምፁ ይሸሻሉ። ቀረብ ብለን ብናይ የካሴት ክር ሆኖ አገኘነው። የማሳው ባለቤት ደግ ሽማግሌ ናቸውና ባዶ የቀሩትን ቅርፊቶች አምጥተው አሳዩን፤ አምስት ነበሩ። የወረቀት ሽፋናቸው ጠፍቶአል። በአንደኛው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ነበረበት፤ ከእርጅና የተነሣ ሊነበብ አልቻለም። «ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ! ምን ላድርገው ልጆቼ?» አሉን። ልንወቅሳቸው አልቻልንም፤ ወፍ የሚበላው የልጅ ልጆቻቸውን እህል ነውና። ነገር ግን በዚያ ክር ላይ ማን ይዘፍን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ እናስባለን።

የአቶ ኃይሉም ታሪክ እኩሌታው የአንድ ካሴት ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል፤ መሣሪያውን ያላወቀ ሰውዬው የሠሩትን ሥራ በሚገባ አይመዝነውምና።

አኮርዲዮን ማለት በአጭሩ ወናፍና የብረት ምላስ ነው። ባለ እጅ አንጥረኛ ቤት የገባ ሁሉ ወናፍን ያውቃል። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ሲሳብና ሲገፋ የሚወጣው ነፋስ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ያርገበግባል፤ ድምፁም ከዚያ ይወለዳል። በቀኝ እጅ በኩል እንደ ፒያኖ ያሉ ቁልፎች አሉ። በግራ በኩል ደግሞ በትልልቆቹ መሣሪያዎች ላይ እስከ 120 የሚደርሱ ትንንሽ አዝራሮች ተደርድረዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ሲጫኑ ሦስት ድምፅ አስተባብረው ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ዜማውንም፣ ባሱንም፣ አጃቢውንም በአንገቱ ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። በ1829 በቪየና ከተማ አኮርዲዮን በሚለው ስም የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣው ሲሪል ዴሚያን የሚባል በትውልዱ አርመናዊ የሆነ ሰው ነው። በጀርመን አገር ደግሞ ማትያስ ሆነር በ1857 በትሮሲንገን ከተማ የአርሞኒካ ሥራ ጀመረ፤ ፋብሪካው በኋላ አኮርዲዮንን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ አሠራጨ። አርሞኒካ ነው ያለው ወንድማችን እንግዲህ ዘመዱን ጠቀሰ እንጂ አልተሳሳተም።

ታሪክ ያስገርማል፤ አርመኖች በኛ አገርም ከሙዚቃው ደጃፍ ላይ ቆመው እናገኛቸዋለን። በ1924 ወደ አዲስ አበባ የመጡትን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የመራው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። ከእርሱ በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ በክብር ዘበኛም ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር የአገራችንን ሙዚቀኞች አሠለጠኑ። ይህ ሁሉ ግን የነሐስ መሣሪያና የትልቅ ባንድ ታሪክ ነው። ትልቅ ባንድ ደመወዝ፣ የደንብ ልብስና አዛዥ ይፈልጋል፤ ባለቤቱም መንግሥት ነበረ። አኮርዲዮን የሚፈልገው ሁለት ክንድና አንድ ወንበር ብቻ ነው። መብራት በሌለበት በገጠር መጠጥ ቤት እንኳ ይጫወቱበታል።

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ። «መርጊያ» የሚለው የአባት ስም በዚህ በኛ አገር ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ እሳቸው ግን የባኮ ሰው አይደሉም፤ የኛ ናቸው ብለን ልንቀማ አልመጣንም። በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ዘፈን እየሰሙ አደጉ። በልጅነታቸው በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብተው ኖታ ማንበብ ተማሩ፤ አኮርዲዮንን ግን በ14 ዓመታቸው ገደማ ራሳቸውን በራሳቸው ነው ያስተማሩት። ከመካከላችን አኮርዲዮን የሞከረ ሰው አለ፤ በሁለት ወር ውስጥ አንዲት ዜማ እንኳ አልቀናውምና ለዚህ ለ14 ዓመቱ ልጅ ያለን አክብሮት ከልብ ነው።

አስቸጋሪነቱ ከጣት ብቻ አይደለም፤ ከቅኝትም ነው። በግራ በኩል ያሉት አዝራሮች የተሠሩት ለአውሮፓ ዜማ ነው። ሜጀርና ማይነር የሚሉትን የሦስት ድምፅ ኅብረት አስቀድመው አዘጋጅተው ያስቀምጣሉ። ትዝታን በሜጀሩ ብንወስድ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነውና ከአዝራሩ ጋር እንደ ምንም ይስማማል። አንቺ ሆዬ ግን በውስጡ ጠባብ እርምጃዎች አሉት፤ ቀኙ አንቺ ሆዬን ሲያዜም ግራው የተዘጋጀውን ኅብረት ቢጫን ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ጆሮም ይቆጣል። ማሲንቆ ይህ ችግር የለበትም፤ ጣት የፈለገውን ድምፅ ከፈረስ ጭራው ላይ ይፈልጋል። አኮርዲዮን ግን ብረቱ ተቆርጦ ተሞርዶ ያለቀ ስለ ሆነ ድምፁን በጣት ማባበል አይቻልም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ወናፉን ነው ማባበል! አሁን ስትሰሙት እንደ ነበረው ድምፁ በቀስታ ይነሣል፣ ይወፍራል፣ ደግሞ እንደሚተነፍስ ሰው ይላላል። የአዝማሪ ድምፅ የሚሠራውን ሥራ ወናፉ ይሠራዋል። እኛ እንደምንሰማው በዚህ ካሴት ላይ ዜማውን የሚይዙት በቀኝ እጃቸው ነው፤ ባሱን በአብዛኛው ለሌላ መሣሪያ ትተውታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መሣሪያው የሚሰጠውን ሁሉ አለመቀበል ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሪክ ኦርጋን መጣ፤ አኮርዲዮንም ቀስ በቀስ ከመድረክ ወረደ። አቶ ኃይሉም ወደ ኦርጋኑ ተሻገሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስ ባንድ ሲቋቋም በቁልፍ መሣሪያው ላይ የተቀመጡት፣ ዜማውንም በማቀናበር የመሩት እሳቸው ነበሩ። ዋልያስ የክብር ዘበኛም፣ የፖሊስም፣ የቴአትር ቤትም አልነበረም፤ የምሽት ክበብ ሙዚቀኞች ራሳቸው ያቆሙት ባንድ ነበረ። በ1969 በተከፈተው በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ። በ1977 ሙላቱ አስታጥቄ በቪብራፎን ተሳትፎበት «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ በካይፋ አሳታሚነት አወጡ። ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ በዚያ ጊዜ እምብዛም የማይደፈር ነገር ነበረ፤ የኛ ሰው ዛሬም ቢሆን ግጥም የሌለበትን ዜማ «መቼ ነው የሚጀመረው?» እያለ ይጠብቃል። በዚያ ሸክላ ላይ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» በኋላ ባሕር ማዶ በብዙ ባንዶች ተጫውቶአል። በ1978 ደግሞ አቶ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀዱ።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበረ። የሰዓት እላፊ ስለ ታወጀ ወደ ክበብ የገባ ሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም። ስለዚህ በሩ ይዘጋል፤ ሙዚቀኛውም እንግዳውም እስኪነጋ አብረው ያድራሉ። ውጭው ጭር ብሎ፣ ጥይት የሚተኰስበት ሌሊት ሆኖ፣ ውስጡ ጭፈራ። ይህን ስናነብ ከመካከላችን ሁለት ሐሳብ ተነሣ። አንደኛው ወገን «ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ እንዴት ይጨፈራል?» አለ። ሌላው ወገን «ያ ሌሊት ያለ ሙዚቃ እንዴት ይነጋ ነበር?» አለ። አልተስማማንም፤ ዛሬም አልተስማማንም።

በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከሌሎች ዘፋኞች ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በአብዛኛው የተጫወቱት እዚያ ለሚኖሩ ስደተኞች ወገኖቻችን ነበረ። ጉዞው ሲያልቅ እኩሌቶቹ ወደ አገር ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ ግን ቀሩ። የቀሩት ዙላ ባንድ የሚባል አቋቁመው ሠሩ። አቶ ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ሙዚቃ ተምረዋል። የተመለሱት በዋልያስ ስም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቀጠሉ። እንዲህ ሆኖ አንድ ባንድ በሁለት ክፍለ ዓለም ተከፈለ።

አሁን ወደ ካሴቱ ደረስን። በ1985 አቶ ኃይሉ ባንድ ሳይኖራቸው ብቻቸውን ወደ ስቱዲዮ ገቡ። በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ 7፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያና የከበሮ ማሽን አሰለፉ። በእነዚህ ሁሉ ፊት ግን ያቆሙት በልጅነታቸው ያነገቱትንና ሁሉም የረሳውን አኮርዲዮን ነው። የካሴቱ ስም «ኃይሉ መርጊያና የጥንቱ መሣሪያቸው» እንደ ማለት ነው። ሐሳባቸው የቀድሞውን የአኮርዲዮን ድምፅ ወደ አዲሱ ዘመን መመለስ ነበረ።

እውነቱን ለመናገር ካሴቱ እንከን የለውም አንልም። የከበሮ ማሽኑ ድምፅ ቆርቆሮ እንደሚመታ ነው፤ በአንዳንዱ ዜማ ላይ አለመለዋወጡ ያሰለቻል። አንድ መምህራችን ሰምተውት «ግማሹ የመኪና ሞተር ነው» ብለው አስቀውናል። ነገር ግን ያ ደረቅ ምት ከሥር ሲሄድ አኮርዲዮኑ ከላይ እየዘገየ፣ እየተጎተተ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየቀረ ይመጣል፤ ልብ የሚይዘውም ይኸው መዘግየቱ ነው። ከአገሩ የራቀ ሰው፣ ባንዱ የተበተነበት ሰው፣ የሃያ አምስት ዓመት መሣሪያውን ከሣጥን አውጥቶ የሚጫወተው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። እንደ ትልቅ ሥራ የምንቆጥረውም ከ«ቼ በለው» ይልቅ ይህንኑ ነው፤ ጃዝ የሚወዱት ጓደኞቻችን ይቅር ይበሉን።

ከ1991 ወዲህ አቶ ኃይሉ ከመድረክ ራቁ። በዋሽንግተን አካባቢ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆኑ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ በታክሲው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጡ ነበረ፤ ተሳፋሪ ለመጠበቅ ተራ ሲይዙ አውጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዳሉ። ይህን ብዙ ሰው እንደ ሐዘን ታሪክ ይነግረዋል። እኛ እንደዚያ አላየነውም። ታክሲ የሐቀኛ ሰው እንጀራ ነው፤ ለሃያ ዓመት ያህል ማንም ሳይሰማ በየቀኑ የሚለማመድ ሰውም የሚያሳዝን ሳይሆን የሚያስቀና ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ አሁን እንመጣበታለን።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካን ካሴቶች እየሰበሰበ እንደገና የሚያሳትም ሰው ነው። በባሕር ዳር ከተማ በአንድ የካሴት መሸጫ ይህን የ1985 ካሴት አገኘ። ሰምቶ ተደነቀ፤ ስማቸውን በኢንተርኔት ፈልጎ ስልክ ደወለ፤ ስልኩን ያነሡት አቶ ኃይሉ ራሳቸው ነበሩ። ካሴቱ በ2013 በስምምነት እንደገና ታተመ። ከዚያ ወዲያ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጋበዙ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ ቶኒ በክና ማይክ ማይኮውስኪ ከሚባሉ አውስትራሊያውያን ጋር አወጡ፤ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ተከተለ። «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ ዋልያስ በ1975 ያወጣው «ትዝታ» የተባለው ካሴትም በ2021 እንደገና ታተሙ። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ማለት ነው።

አሁን ጥያቄያችንን እናቅርብ። ያ ካሴት በባሕር ዳር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበረ። በዚያ በር ስንት ተማሪ፣ ስንት መምህር፣ ስንት ሙዚቃ ወዳድ ወጥቶ ገብቶአል? ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበረ። ሰውዬው ሩቅ አገር ሆነው እንኳ ስልካቸው ይነሣ ነበረ። የደወለ ከመካከላችን ማን ነው? ሺምኮቪትዝን አንወቅስም፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን አንድ እንግዳ ሰው በአጋጣሚ ባያልፍ ኖሮ ያም ካሴት ማሽላ ይጠብቅ እንደ ነበረ አንጠራጠርም።

«ታዲያ እኛ የባኮ ልጆች ምን እናድርግ? ይህ የአዲስ አበባ ነገር ነው» የሚለን አለ። የለም፤ እንዲያውም ባኮ ለዚህ ነገር አስተማሪ መሆን ይገባት ነበረ! ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ የእርሻ ምርምር ማእከሉ አለ። በ1993 ለገበሬ የተለቀቀው ቢኤች 660 የተባለው በቆሎ የተገኘው ከዚያ ነው፤ ፊደሎቹም የባኮ ድቅል ማለት ናቸው። ከዚህ የራቀ ገበሬ ባኮን በእግሩ ሳይረግጣት በበቆሎው ያውቃታል። ያ ድቅል እንዲገኝ ግን ወላጆቹ የበቆሎ ዝርያዎች በየጊዜው ለብቻቸው እየተዘሩ፣ በእጅ እየተዳቀሉ፣ በከረጢት እየተሸፈኑ፣ ስማቸው እየተጻፈባቸው መጠበቅ ነበረባቸው። መለያው የጠፋ ዘር ለምርምር አይረባም። ስሙ የጠፋበት ካሴትም እንዲሁ ነው።

ነገሩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ካሴት በ1963 ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ነገር ነው፤ የ60 ደቂቃው ካሴት ውስጥ 90 ሜትር ያህል ክር አለ። ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ያን ማሳ ስናስብ ሒሳቡን ሠራነው፤ ከችካል እስከ ችካል 4 ሜትር ቢሆን በሁለት ችካል መካከል የአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘፈን ተወጥሮ ነበረ። ድምፁ የተያዘው ከክሩ ላይ በማጣበቂያ በተለጠፈ የብረት ብናኝ ላይ ነው። ማጣበቂያው እርጥበትና ሙቀት አይወድም፤ ባኮ ደግሞ ከአምቦ ይልቅ ቆላማ ናት፤ ሙቀቱም እርጥበቱም አላት። ሻጋታ የያዘውን ካሴት ወደ ማጫወቻ ቢያስገቡት ማጫወቻውንም ካሴቱንም ያበላሻል።

ስለዚህ በማኅበራችን ስም የምንጠይቀው ይህ ነው። በየቤታችሁ፣ በየጎረቤታችሁ፣ በኢጃጂም፣ በጌዶም፣ በአምቦም ያለውን ካሴት በስም መዝግቡልን። የታወቀ ዘፋኝ መሆን የለበትም። የሠርግ ቅጂ፣ የትምህርት ቤት በዓል፣ በሰፈር አኮርዲዮን ወይም ማሲንቆ ይጫወት የነበረ ሰው፣ አያቶቻችን የሚያዜሙት የኦሮምኛ ዜማ፣ ሁሉም ይጠቅማል። የማን እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ዘፈነ፣ የት እንደ ተቀዳ፣ የምታውቁትን ያህል ጻፉበት። ካሴቱን ከፀሐይና ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አርቃችሁ አቁሙት፤ ጋድሞ አይቀመጥ። አንድ ጓደኛችን ደህና ማጫወቻ አለው፤ ቅጂውን በኮምፒዩተር ላይ ሳይጨመቅ፣ ዋቭ በሚባለው መልክ እንይዘዋለን፤ ካሴቱም ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህ ለንግድ አይደለም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 ከ2004 ጀምሮ አለና ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ አንዲት ዘፈን እንኳ አናሠራጭም።

ካሴት ለማዋስ የሚሳሱ ወላጆች እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ልክ ናቸው። ከዚህ ቀደም የአንዲት እናታችንን ካሴት «ቀድተን እንመልሳለን» ብለው ወስደው ያልመለሱ ሰዎች ነበሩና አሁን እኛንም በበራቸው ላይ አቁመውናል። ስለዚህ ደረሰኝ አዘጋጅተናል፤ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ወይዘሮዋ ካሴታቸውን ይዘው ራሳቸው ቢመጡ ደግሞ ከማጫወቻው አጠገብ ወንበር እናኖርላቸዋለን፤ ቡናም አይጠፋም።

ሽማግሌውን ገበሬ ባለፈው ሳምንት ልናይ ሄደን ነበረ። ሌላ ሁለት ካሴት ከቆጥ ላይ አግኝተው በፌስታል ጠቅልለው አቆይተውልናል። አንዱ ተበጥሶአል፤ ቀጥለነዋል። ምን እንዳለበት ገና አልሰማነውም፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር እንስማው ብለን ነው ያቆየነው። አስቀድመን ግን የአቶ ኃይሉን ሁለተኛውን ገጽ እናሰማችኋለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሮአልና በስተኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ በሩንም ዝጉልን።